ኪስ ያለው ድንኳን

ሰኞ

ሒሳቡን በሉት።

ሃምሳ ስምንት ልጅ ነው። ለያንዳንዱ አስር አስር ፍሬ ሽምብራ ቆጥሬ፣ በትናንሽ ፌስታል ቋጥሬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ነው ያዘጋጀሁት። ትዕግስት ለመደመርና ለመቀነስ ብላ ወስዳ አደለቻቸው። "ከአስር ሽምብራ ሦስት ብንቀንስ ስንት ይቀራል?" ስትል አንዱ ብድግ ብሎ "ምንም" አለ። "ሰባት አይቀርም?" ብትለው አፉን ከፍቶ አሳያት። ዞር ስትል ክፍሉ በሙሉ እንደ ወፍጮ ቤት ይፈጫል።

ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወርውራ "እማማ፣ ጥሬ ሽምብራ አልነበር ያልኩሽ?" አለችኝ። ጥሬውን አፍንጫቸው ውስጥ ቢወትፉትስ ብዬ ነው የቆላሁት። ጨው ነካ እንዳረግኩበት አልነገርኳትም።

ትዕግስት የልጄ ልጅ ናት፤ እኔው ጋ ነው ያደገችው። ዘንድሮ አስተማሪ ሆነች፣ እዚሁ መካኒሳ አቦ ካለ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል። አሁን ሙከራ ላይ ናት። ዓርብ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር የሚሉት ሰው መጥቶ ስታስተምር ቁጭ ብሎ ያያታል። ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ካላለፈች በሰላም ሂጂ ነው። ነጥቡ የሚበዛው ደሞ መርጃ መሣሪያ ለሚሉት ነው፤ ልጆቹ አይተው ነካክተው የሚማሩበት ዕቃ። ወረቀቱ ላይ "በአካባቢ ከሚገኝ ነገር የተሠራ" ይላል። ሽምብራስ ከአካባቢ አልነበር? አካባቢው በላው እንጂ።

ይሄን ደብተርም የሰጠችኝ እሷ ናት። እኔ ሳወራ የልጆቹን ደብተር ማረም አቃታትና "እስቲ ለኔ ከምትነግሪኝ ጻፊው" አለችኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስቆጥር ለዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ጻፍኩ። ከዛ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

በፊት የፊደል ገበታ ከወረቀት ሠርታ ለጥፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሀ እስከ ቀ ያለው ተቀዶ ጀልባ ሆነ። እንግዲህ የማይበላና የማይቀደድ ነገር ነው የሚያስፈልገን። ሳስብ ዋልኩ፣ ከሰዓት በኋላ መጣልኝ። ኪስ። ልጅ ኪስ አይቶ እጁን ሳይከት አያልፍም። የኔዎቹስ የኔን ኪስ ሲበረብሩ አይደል ያደጉት።

ማክሰኞ

ለሠላሳ ሦስት ፊደል ሠላሳ ሦስት ኪስ። በጠዋት ሱሪ ለቀማ ወጣሁ።

ከጎረቤቴ ከብርቅነሽ፦ ሦስት ጂንስ፣ የልጆቿ።

ፉሪ ካለው ልጄ፦ አራት ሱሪና "እማዬ ደህና ነሽ?" የሚል ስልክ፣ ሁለት ጊዜ።

ከአቶ ታደሰ ሚስት፦ አንድ ግራጫ፣ የሙሉ ልብስ። "ሆዱ አልገባ ብሎታል፣ ውሰጂው፣ ባይሰማ ጥሩ ነው" አለችኝ።

ከአባባ ደጀኔ፦ አንድ ካኪ። ሁለት ወር ሙሉ አልጋ ይዘዋል። ልጃቸው "ከአልጋ ለማይነሳ ሰው ኪስ ምን ያረግለታል" ብላ አውጥታ ስትሰጠኝ ከጓዳ ሆነው "ሱሪዬን መልሺ፣ ገና አልሞትኩም" ይላሉ። ኪሱን ቆርጬ ሱሪውን መለስኩላቸው። ሌላም ሌላም ቤት ዞሬ ሞላልኝ።

አቶ ታደሰ የእድራችን ሊቀመንበር ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ ደብተር ላይ ግን አይሰማኝም። ሕግ የሚወድ ሰው ነው፤ የድስት ክዳን ቢጠፋ ጉባኤ ይጠራል። የእድሩ ዕቃ፣ ድንኳኑም ድስቱም አግዳሚውም፣ እኔ ግቢ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ኪሱ ተገኘ፣ የሚሰፋበት ትልቅ ጨርቅ ግን ጠፋ። አንሶላ ይሳሳል። መጋረጃችንን ትዕግስት አልሰጥም አለች። ከዛ ትዝ አለኝ፤ የእድሩ አሮጌ ድንኳን። አዲሱ ከመጣ ወዲህ የአይጥ መኝታ ነው። ታደሰ ራሱ በጉባኤ "ይወገድ" ብሏል። እኔ ላስወግደዋ። ገብቼ አንዱን የጎን ሸራ ጎትቼ አወጣሁ። ለአሮጌ ደህና ሸራ ነው። የድሮ ዕቃ መቼም ጥንካሬው!

ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ሸምሱ ግማሹን በመኪና ሰፋልኝ፣ ግማሹን እኔ በጆንያ መርፌ። ሸምሱ ሲሰፋ ሲሰፋ ቆየና "እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ሁሉ ኪስ ያለው ሰው ማነው?" አለኝ። "አንደኛ ክፍል ነው" አልኩት። ሌላ ኪስ አነሳና ቀጠለ።

ረቡዕ

ፊደሉን ትዕግስት ኪሶቹ ላይ በቀለም ጻፈች፣ ውስጡን እኔ ሞላሁ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ልጁ ሳያይ እጁን ይከታል፣ ዳብሶ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከዛ ፊደሉን ይጠራል። ለ ላይ ሎሚ። ቀ ላይ ቆርኪ። ደ ላይ ድንች። ሸ ላይ ሽንኩርት። መ ላይ መርፌ ብዬ ነበር፣ ትዕግስት ጮኸችብኝ፣ በማንኪያ ተለወጠ። ለፀ ፀጉር ከየት ይምጣ ስንል ከራሴ ቆርጬ በክር አሰርኩት። ሽበት ነው፣ ግን ፀጉር ነው። ጰ አስጨነቀን። ትዕግስት "ጳጳስ" አለች። ጳጳስ ከየት አምጥቼ ኪስ ውስጥ ልክተት? ከአሮጌ ካላንደር ላይ ፎቶ ቆረጥኩ፣ ተሳለምኩና ከተትኩ።

ባጃጅ ላይ ጭነን ወሰድነው። የክፍሉን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ያዘ። ልሂድ ልሂድ እያልኩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቃልኪዳን የምትባል ልጅ አለች፣ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም ብላኝ ነበር ትዕግስት። ተራዋ ሲደርስ እጇን ፀ ውስጥ ከተተች። ዳበሰች፣ ዳበሰች። "የሴትዮ ፀጉር ነው" አለች፣ ጮክ ብላ። ክፍሉ አበደ። ትዕግስት ዞር ብላ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዓርብ ያለቀ ነገር ነው አልኩ። ትዕግስት አለፈች።

እየዘፈንኩ ነው ቤት የገባሁት። ደስ ሲለኝ ቤት ማስተካከል እወዳለሁና ቆርቆሮ ቤቱን ላስተካክል ገባሁ። ከድስቶቹ ጀርባ ሌላ ጥቅል አለ። ፈታሁት። መጀመሪያ የነገረኝ ሽታው ነው። ቀጥሎ አይጧ። አሮጌው ድንኳን እሱ ነው።

እኔ ኪስ የሰፋሁበት አዲሱ ነው።

ትልቁ ድስት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ

በጠዋት አሮጌውን አውጥቼ ኪሶቹን ወደሱ ላዛውር አልኩ። ለሙከራ መርፌ ብሰካበት እንደ እርጥብ ወረቀት ተሸነጠረ። ለካ ታደሰ "ይወገድ" ያለው እውነቱን ነው።

ለትዕግስት ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አልሳቀችም። "እማማ፣ እስከ ነገ ሰው ቢሞትስ?" አለችኝ። እኔስ ሌላ ምን ሳስብ አደርኩ። ሰው ከሞተ ጥሩምባ ይነፋል፣ ጥሩምባ ከተነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ የእድሩ ሕግ ነው። አንድ ጎን ሲጎድል ታደሰ ይጠይቃል፣ ሸራው ከክፍሉ ይነሳል፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ባዶ ግድግዳ ያያል። ስለዚህ ዓርብ ክፍለ ጊዜዋ እስኪያልቅ በእድራችን ማንም መሞት የለበትም።

አባላቱን በጣቴ ቆጠርኩ። ሁሉም ይሮጣሉ፣ ከአባባ ደጀኔ በቀር።

የበግ ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ አየር ያስፈልጋል ብዬ መልሼ ከፈትኩ፣ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል። "ሙሉ፣ ከትናንት ወዲያ ኪሴን ወሰድሽ፣ ዛሬ ሾርባ ታመጫለሽ። ሐኪሙ ምን ነገረሽ?" አሉ። ኧረ ምንም፣ አልኩ። "ዛሬንና ነገን ብቻ በርታ ይበሉልኝ" የምትል ቃል አመለጠችኝ።

"ከነገ በኋላስ?"

ተናዘዝኩ፤ ድንኳኑን፣ ኪሱን፣ ዓርብን። ሲስቁ ሳል ያዛቸው። እሳቸው ሲያስሉ እኔ ነኝ ነፍሴ ልትወጣ የደረሰችው። ሲረጋጉ "የኔ ኪስ ምን ፊደል ሆነ?" አሉ።

"ደ። ድንች አለበት።"

"ደግ። እስከ ዓርብ እቆይልሻለሁ። ቅዳሜ ግን ዱለት ታበይኛለሽ። ያለ ዱለት ዋስትና የለም።"

ዱለት ሐኪም ከልክሏቸዋል። ቃል ገባሁ። ትዕግስት ሥራዋን ታጣለች እያልኩ ሌላ ምን ልል ነው። ስወጣ ለልጃቸው ብርድ ልብስ ደርቢላቸው አልኳት። "እትዬ ሙሉ፣ እንዲህ ትወጂያቸዋለሽ ለካ" አለችኝ። አፈርኩ።

ዓርብ

ጥሩምባ። ንጋት ላይ።

አባባ ደጀኔ! ብዬ ነጠላዬን ሳልይዝ ሮጥኩ። በራቸውን ስደበድብ ከውስጥ ራሳቸው ናቸው የመለሱት። "አለሁ፣ አለሁ። ቃሌን አላጥፍም።"

ለካ የብርቅነሽ አጎት ነው፣ ወልቂጤ። መርዶ ነው። ሰውየውን አይቼው አላውቅም፣ ነፍሱን ይማር፣ ግን እኔ የመካኒሳን ሞት ስጠብቅ በወልቂጤ በኩል ዞሮ መጣብኝ። ብርቅነሽ ትወድቃለች ትነሳለች። አቅፌያት አለቀስኩ። ስለሷም አለቀስኩ፣ ስለሸራውም አለቀስኩ፣ የትኛው እንባ የማን እንደሆነ አልለየሁም።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን በሦስት ጎን አቆሙት። "አንዱ የታለ?" ሲሉኝ "በሩ ሰፋ ይበል፣ ለቀስተኛ ይበዛል" አልኳቸው። አመኑኝ። ትዕግስት የምታስተምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አንዲት ሰዓት ብቻ ስጠኝ አልኩ አምላኬን። ፀሐይ ግን አልሰማችም። የጎደለው በምሥራቅ በኩል ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ከፍ ስትል ኀዘንተኛው ሁሉ ዓይኑን በእጁ ጋረደ፣ ታደሰም ብድግ አለ። ድንኳኑን አንዴ ዞረው። ደገመው።

"ወይዘሮ ሙሉነሽ" አለኝ። በደህና ቀን እትዬ ሙሉ ነው የሚለኝ። "አራተኛው ሸራ የት ነው?"

"ትምህርት ቤት ነው።"

"ምን ሊማር?"

መልሱን ሳይሰማ ወጣ። ተከተልኩት። በየመንገዱ ነገሩን እያስረዳሁ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ሰውየው እስኪወጣ ብቻ እያልኩ ለመንኩት። "ኀዘንተኛ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ?" አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ሁሌ እውነቱን ነው።

የክፍሉን በር ከፍቶ ገባ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ አግዳሚ ላይ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል። ትዕግስት እኛን ስታይ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ታደሰ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቃልኪዳን፣ ያቺው፣ መጥታ እጁን ያዘችው። ወደ ክፍል የገባ ሁሉ አንድ ኪስ መዳበስ አለበት፤ እነሱ ያወጡት ሕግ ነው። "ጋሼ፣ ተራዎት ነው። ሕጉ ነው" አለችው። ሕግ ሲባል ታደሰ አቅም የለውም። እጁን ሸ ውስጥ ከተተ። ዳበሰ። ከዛ ቆም አለና ኪሱን አየው። ጎንበስ ብሎ አየው። ጨርቁን በጣቱ አሸት አሸት አረገው።

"ይሄ የኔ ሱሪ ነው" አለ።

ሃምሳ ስምንት ልጅ ባንድ ድምፅ፣ "አይደለም፣ ሽንኩርት ነው!"

ሱፐርቫይዘሩ "ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ኖት?" አለ። "የእድሩ ሊቀመንበር ነኝ" አለ ታደሰ፣ ሽንኩርቱን እንደያዘ። ሱፐርቫይዘሩ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። በቃ ልጄ አለቀላት አልኩ፣ በኔ ጣጣ።

ታደሰ ግን አልጮኸም። ልጆቹን አየ። ትዕግስትን አየ፤ ክርስትናዋ ላይ ዳቦ የቆረሰ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀና ትንሿ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ከልጆቹ ጋር አጨበጨበም፣ ዓይኔ ነው ያየው። ደወል ሲደወል ተነስቶ ሸራውን አወረደ፣ ከነሎሚው ከነጳጳሱ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አረገው። ሱፐርቫይዘሩ ይሄንንም ጻፈ።

ኪሱ ወደ ውስጥ ዞሮ ተተከለ፣ አላፊ አግዳሚ እንዳይስቅ። ለቀስተኛው ከፊደሉ ሥር ተደረደረ። ከሰዓት በኋላ ሳይ፣ ሀ ውስጥ የሰው መነጽር፣ ነ ውስጥ ሁለት ስልክ፣ ተ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ መፋቂያ። ብርቅነሽ እያለቀሰች መሀረብ ፍለጋ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የኔን ሽበት አወጣች። አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ሳቀች፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዛ እንደገና አለቀሰች፣ ግን ቀለል ባለ።

ትዕግስት ለቅሶ ደርሳ ገባች። እራት በላን። አላናገረችኝም።

ቅዳሜ

ዛሬም ዝም። እኔ ዝምታ አያውቀኝም። ብቻዬን ጠየቅኩ፣ ብቻዬን መለስኩ፣ ብቻዬን ተጣላሁ።

አባባ ደጀኔ በከዘራ ኀዘን ሊደርሱ መጡ። ሁለት ወር ደጃፍ ያልወጡ ሰው! ሠፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ቆመላቸው። ብርቅነሽን አጽናኑና በሸራው ጥግ ጥግ ሄደው ደ የተጻፈበትን ኪሳቸውን አገኙ። እጃቸውን ከተው ድንቹን አወጡ፣ አገላብጠው አዩ፣ መለሱት። "በኔ ዘመን ትምባሆ ነበር የሚይዝ" አሉ። ጆሮዬ ሥር ደሞ "ዱለቱስ?"

ጨጓራ የሌለው፣ ጉበት የሌለው፣ ቅቤ ያልነካው ዱለት ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ቀመሱ። "ሙሉ፣ ይሄ ጎመን ነው" አሉ።

ጎመን ነበር። ጨረሱት ግን።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድር ጉባኤ ተጠራ፣ በኔ ምክንያት። ታደሰ ቆሞ አነበበ፤ የእድርን ንብረት ያለ ፈቃድ ወስዶ ኪስ መስፋት። ቅጣቱን ከመተዳደሪያው ደንብ ውስጥ ፈለገ፣ ገለበጠ፣ የለም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እኔን አላሰቡኝም።

አንዳንዱ ኪሱ ይተርተር አለ። አንዳንዱ ለምን፣ ለቀስተኛ ስልኩን የት ያድርግ አለ። አባባ ደጀኔ "ከተተረተረ የኔ ኪስ ሱሪዬ ላይ ይመለስ" አሉ። ከዛ ብርቅነሽ በጥቁር ልብሷ ተነሣች። "አጎቴ ፊደል ሳይቆጥር ነው የሞተው" አለች። "ለሱ ፊደል ሥር ተለቀሰለት። እኔ ይቆይልኝ ባይ ነኝ።"

ኪሱ ይቆይ ተባለ። እኔ ደሞ አዲሱ ጥቅል ላይ አዲስ፣ አሮጌው ላይ አሮጌ ብዬ በትልቁ በቀለም እንድጽፍ ተፈረደብኝ፣ ጉባኤው ቆሞ እያየ። ጻፍኩ። ዞር ስል ትዕግስት ከሰው ኋላ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ትስቃለች። ያን ጊዜ ቀለል አለኝ።

ሰኞ

አለፈች!

ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ በር ላይ አቀፈችኝ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ቋሚ ናት። ለመርጃ መሣሪያው አንድ ነጥብ ብቻ ነው የተቀነሰው፣ "ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ተነቅሎ የተወሰደበት ምክንያት ግልጽ አይደለም" ይላል። "ኅብረተሰቡን በትምህርት ማሳተፍ" የምትል ቦታ ደሞ አለች፣ አስተማሪ ሁሉ ባዶ የሚያስቀራት። እዛ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጣት። "መምህርቷ የእድር ሊቀመንበር ክፍል ድረስ መጥተው ከልጆቹ ጋር እንዲማሩ አድርጋለች።"

ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ። የሚመጣው ዓርብ የሌላ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይዞ መጥቶ ኪሱን ሊያሳያቸው ነው።

ሁለታችን ታደሰ ጋ ሄድን። ስለሱ የተጻፈውን አነበበችለት። ድገሚው አላት። ደገመችለት። ሦስተኛውን ራሱ ነው ተቀብሎ ያነበበው። ከዛ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ። ኀዘን በሌለበት ቀን ሸራው ትምህርት ቤት ይዋል። ኀዘን ከመጣ ጥሩምባው ተነፍቶ ሳያበቃ ይመለስ። "ተሸክመው የሚመልሱትም ወይዘሮ..." አለና ቆም አለ፣ "እትዬ ሙሉ ናቸው።"

ሌላ ልሰፋ አስቤያለሁ፣ ለትምህርት ቤቱ ብቻ የሚሆን። ሸራ ይገኛል። ሱሪ ነው ያለቀው። የሠፈሩ ወንድ ሁሉ እኔን ሲያይ ኪሱን በእጁ ይዞ ነው የሚያልፈው። ሠላሳ ሦስት ኪስ እስኪሞላልኝ ድረስ በእድራችን ሰው እንዳይሞት፣ ዘመድም እንዳይሞት፣ ወልቂጤም ጭምር። ብርቅነሽን በዘዴ፣ ስንት አጎት ቀረሽ አልኳት። አምስት አለችኝ። አንደኛው ወገቡን ያመዋል አለች። ወገብ አይገድልም። አይመስለኝም።

አባባ ደጀኔ ዛሬ ሁለት ጊዜ አስነጠሱ አሉ። ሾርባው ተጥዷል፤ እሱን ላድርስ።